ሥዕሌን ላዳኑልኝ አባት

ዛሬ የምጽፈው ሰው ለማመስገን ነው። አምስተርዳምና አካባቢዋ ላላችሁ ደግሞ ይጠቅማችኋል።

ለሰባት ዓመት የተንከባከብኳቸው የሆላንድ እናት ሲያርፉ፣ ልጆቻቸው ሳሎናቸው ተሰቅሎ የኖረውን ሥዕል ሰጡኝ። ዳም አደባባይ ያለው ቤተ መንግሥት ነው። በመዳብ ሰሌዳ የታተመ፣ ቀለሙ በእጅ የተቀባ፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ። ፍሬሙ ሲላላ አንድ ቤት ወሰድኩት። ካርቶን ላይ በፕላስተር ለጥፈው መለሱልኝ። ዓመት ሳይሞላው ጠርዙ ቢጫ ሆነ። አንጀቴ አረረ፤ የእሳቸው ማስታወሻ ነዋ።

በኋላ ጓደኛዬ አንድ የወረቀት ጠጋኝ ጠቆመችኝ። ሽማግሌ ናቸው። ሥዕሉን ገልብጠው ፕላስተሩን ሲያዩ ዝም አሉ። ከዚያ የመዳቡ ሰሌዳ ወረቀቱን ተጭኖ የተወውን ጎድጎድ በጣቴ አስዳሰሱኝ።

ሁሌ ግራ የሚገባኝን ጠየቅኳቸው። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ከቤተ መንግሥቱ በስተቀኝ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ግን በግራ ነው። ከላይ ያለው ጽሑፍም የተገለበጠ ነው። ምንም ሳይመልሱ መስታወት አምጥተው ፊት ለፊቱ አቆሙ። ጽሑፉ ተነበበ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቦታው ገባ! ለካ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ያኔ በመስታወትና በሌንስ ነበር የሚታዩት። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሩቅ ከተማ ያይባቸው ነበር። ቀለማቸው የሚደምቀውም ለዚያ ነው።

አደባባዩ መሃል ያለችውን ሕንፃም አሳዩኝ። የሚዛን ቤት ነበረች። ትልቁ ሕንፃ ያኔ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1808 የናፖሊዮን ወንድም ሉዊ ቤተ መንግሥት አደረገው፤ ሚዛን ቤቷንም እይታዬን ጋረደችኝ ብሎ አስፈረሳት። ልጄ አብሮኝ ነበር። «ቤተ መንግሥቱ መሬት ውስጥ በተተከለ ስንት እንጨት ላይ ነው የቆመው?» አሉት። «13,659!» አለ። እዚህ አገር ልጆች የሚይዙት በዘዴ ነው፤ የዓመቱን 365 ቀን ወስደህ ከፊቱ 1፣ ከኋላው 9 መጨመር። ሁለቱ ሲሳሳቁ ሳይ ደስ አለኝ።

የደበዘዘውን ሰማይ በአዲስ ቀለም እንዲያድሱልኝ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። «ይሄ የቀቢው እጅ ነው። የእኔ ከገባበት የእሱ ይጠፋል» አሉኝ። አረንጓዴውንም ውኃ አላስነኩትም፤ ከመዳብ የሚሠራ ቀለም ስለሆነ እርጥበት ሲያገኝ ወረቀቱን ይበላል። እሺ ቢሉኝ ተጨማሪ ገንዘብ ያገኙ ነበር።

ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ፕላስተሩን በትንሽ በትንሹ አነሱት። የተቀደደውን በስስ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ሙጫ ጠገኑት። ካርቶኑን አሲድ በሌለው ቀየሩት። መጀመሪያ ከነገሩኝ ዋጋ አንድ ሳንቲም አልጨመሩም። አንጀቴን አራሱት፤ እጃቸው ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። የቆየ የሠርግ ፎቶ፣ የአባት ደብዳቤ፣ የተቀደደ ሥዕል ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቁጥራቸውን እልክላችኋለሁ። እስከዚያ ግን ፕላስተር እንዳታስነኩት።