የፍሪጅ ግድግዳ፦ ፎሙን ማወፈር ወይስ ቫኪዩም ፓነል መጨመር?

ወደ ፍሪጁ የሚገባውን ሙቀት ለመቀነስ በግድግዳው ውስጥ ያለውን ፎም ማወፈር ቀላሉ መንገድ ነው። የፖሊዩሬቴን ፎም ሙቀት የማስተላለፍ አቅም 0.020 ዋት በሜትር ኬልቪን አካባቢ ስለሆነ፣ 40 ሚሊሜትር የነበረው ግድግዳ 60 ሲሆን በዚያ በኩል የሚገባው ሙቀት በሲሶ ይቀንሳል። ኪሳራው የውስጥ ቦታ ነው፤ ከግራና ከቀኝ ብቻ 40 ሚሊሜትር ስፋት ይበላል።

ቫኪዩም ፓነል፣ ማለትም አየሩ ተመጥጦ በፎይል የታሸገ ሙቀት መከላከያ ሰሌዳ፣ አዲስ ሳለ ይህ አቅሙ ከ0.002 እስከ 0.005 ብቻ ነው፣ ግድግዳውንም አያወፍርም። ጣጣው አያያዙ ላይ ነው። አይቆረጥም፣ አይበሳም። የፍሪጁ የውጭ ላሜራ ላይ የቀረች አንዲት ስለት ፎይሉን ከበሳችው አየር ይገባል፤ ውስጡ የመስታወት ቃጫ ከሆነ ደግሞ ከተራው ፎም የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ከመለጠፉ በፊት በእጅ ይፈተሻል፦ ፎይሉ ጭምድድ ብሎ ተጣብቆ እንደ ጣውላ ከደረቀ ደህና ነው፤ ከላላ ወይም ካበጠ ይጣላል። ከላሜራው ጋር በደንብ ካልተጣበቀ ሲረጭ ፈሳሽ የሆነው ፎም ከሥሩ ሰርጎ የውጩን ገጽ ያሳብጠዋል። የፎሙ መተላለፊያም ስለሚጠብ የሚረጨው መጠንና ቦታ እንደገና ካልተስተካከለ ጥግ ላይ ባዶ ኪስ ይቀራል።

ቦታ ካለ ማወፈሩ ይመረጣል። ፓነሉ ከተገዛም መጀመሪያ ለፍሪዘሩ ይሁን፤ የቤቱ ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን በፍሪዘሩ ውስጥና ውጭ መካከል ያለው ልዩነት 43 ዲግሪ፣ በታችኛው የማቀዝቀዣ ክፍል ግን 21 ብቻ ነው።