በጁላይ ፒቸር ሲገዛ፦ የሁለት ወር ኪራይ ይሻላል ወይስ ውል ያለው?

ጁላይ ሲገባ ዋንጫ ያማረው የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ቤዝቦል ከፍተኛ ሊግ) ክለብ ሁሉ ጥሩ ስታርተር፣ ማለትም ጨዋታውን የሚጀምር ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ)፣ ፍለጋ ይወጣል። ግብይቱ እንደ እግር ኳሱ በገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰው በሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ገና በታችኛው ሊግ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ የምትደግፉት ክለብ ገዢ ከሆነ፣ ከተጫዋቹ ስም በፊት የውሉን ዕድሜ እዩ።

ኪራይ የምለው ውሉ በዚያው ዓመት የሚያልቀውን ነው። እንደ ሲሲ ሳባቲያ። ጁላይ 2008 ሚልዋኪ ከክሊቭላንድ ወሰደው፤ 17 ጨዋታ ጀምሮ 11 አሸነፈ፣ የተሸነፈው በ2 ብቻ። ስታርተሮች አምስት ሆነው ተራ ስለሚገቡ አንዱ ከወረወረ በኋላ አራት ቀን ያርፋል። ሳባቲያ ግን መጨረሻ አካባቢ ሦስት ቀን ብቻ እያረፈ ደጋግሞ ወጣ። በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ቀን ቺካጎ ካብስን 3 ለ 1 ሲረቱ ጨዋታውን ብቻውን ወርውሮ ጨረሰው። ሚልዋኪም ከ1982 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው የዋንጫ ፍልሚያ) ገባ። ከዚያ አሁንም በሦስት ቀን እረፍት ፊላደልፊያ ላይ አሰለፉት። ሼን ቪክቶሪኖ በሁለተኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ግራንድ ስላም፣ በአንድ ምት አራት ነጥብ የሚያስገኘውን፣ መታበት፤ አራተኛውን ሳይጨርስ ወጣ። ውድድሩ አልቆ ብዙም ሳይቆይ ያንኪስ ወሰዱት። ለእሱ ከተሰጡት አንዱ ማይክል ብራንትሊ ደግሞ ክሊቭላንድ ውስጥ ኮከብ ሆነ።

ጀስቲን ቨርላንደር ሌላ ነው። ሂውስተን ከዲትሮይት የወሰደው ኦገስት 31፣ 2017 እኩለ ሌሊት ሊሞላ ሲል ነው፤ ያኔ ደንቡ ኦገስት ላይም ይፈቅድ ነበር። ዕድሜው 34፣ ደሞዙ ከባድ፣ ውሉ ግን እስከ 2019። ሦስት ወጣቶች ተሰጡበት። ሴፕቴምበር ላይ የጀመራቸውን አምስት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። በሊጉ ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ ያንኪስ ላይ 124 ኳስ ወርውሮ 13 ጊዜ መቺዎቹን በስትራይክ (ሦስት ሙከራ አክሽፎባቸው) አሰናበተ፤ 2 ለ 1 አሸነፉ። ዋንጫውም መጣ፤ በኋላ የወጣው የምልክት ስርቆት ጉዳይ (ሂውስተን የተጋጣሚን የውርወራ ምልክት በካሜራ መስረቁ) ቢያጠለሸውም። በ2019 ለሊጉ ምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ሲወስድ አሁንም ሂውስተን ነበር።

እኔ ብጠየቅ ውል ያለውን እመርጣለሁ። ሚልዋኪን ግን አልወቅስም፤ 26 ዓመት የጠበቀ ደጋፊ ያንን መስከረም በምንም አይለውጠውም። ክለባችሁ እንደዚያ የተጠማ ከሆነ ተከራዩ። በቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ዓመታትም ለዋንጫ የሚበቃ ከሆነ ውል ያለውን ግዙ፣ ወጣት መጨመር ቢጠይቅም። አምስተኛውን ተራ ለመሙላት ብቻ ግን ጎበዝ ልጅ አትስጡ፤ ኦክቶበር ላይ፣ በፕሌይኦፍ፣ ሦስት ወይ አራት ስታርተር ይበቃል።

ክንዱንም ጠይቁ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ስታርተሩን ማክስ ሸርዘርን በ2021 ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሸኝታችኋል። እዚያ 7 ጨዋታ አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም። ኦክቶበር ላይ ግን ክንዱ ደክሞ፣ ዶጀርስ በተሰናበቱበት ጨዋታ መውጣት አልቻለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒውዮርክ ሜትስ ገባ።