«500 ጌም በአንድ» እየተባለ ስለሚሸጠው የልጆች የእጅ ጌም ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው በሐዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ ለምትኖሩ፣ የትምህርት መዝጊያን፣ እንቁጣጣሽን ወይም ልደትን ምክንያት አድርጋችሁ ለትንንሽ ልጆች በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ለመስጠት ላሰባችሁ ወላጆች፣ አክስቶችና አጎቶች ነው። ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ለእህቴ ልጆች በ6,800 ብር የገዛሁት ዕቃ የተባለውን አለመሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ሲሆን፣ ባትሪው አብጦ ከልጆቹ እጅ የወሰድሁት ደግሞ ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ነው። ይኸው ዕቃ ዛሬም በከተማችን ሱቆች መስታወት ውስጥ ተደርድሮ ስለማየው፣ ሌላ ሰው እኔ በገባሁበት መንገድ እንዳይገባ ያየሁትን በዝርዝር ማስቀመጥ ግዴታዬ እንደሆነ ተሰምቶኛል።

የ7 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታ ሰርተፍኬቷን ስታመጣ ስጦታ እንደምገዛላት ቃል ገብቼላት ነበር፤ የ5 ዓመቱ ወንድሟም አብሯት የሚጫወትበት ነገር እንዲሆን ፈለግሁ። ክረምት ሲገባና አቶቴ ያለው የሰፈራቸው መንገድ ጭቃ ሲሆን ልጆቹ ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፉት ቤት ውስጥ የእናታቸውን ስልክ ይዘው ከአንዱ ቪዲዮ ወደ ሌላው በመዝለል ነው። እህቴ ያስቀመጠችው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ ኢንተርኔት የማይገባ፣ ማስታወቂያ የማይመጣበት፣ ሲበቃ የሚዘጋ ነገር ይሁን አለችኝ። ሐሳቧ ትክክል እንደነበር አሁንም አምናለሁ፤ ለትንሽ ልጅ ለጨዋታ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ከስልክ የተሻለ ነው። ጉዳቱ የመጣው ይህን ተገቢ ፍላጎት ሻጩ ከእኔ ቀድሞ ስለሚያውቀው ነው።

በቴሌግራም ያየሁት ማስታወቂያ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው ስዊች የተባለ የእጅ ጌም ነበር። ሱቁ ድረስ ሄጄ ዕቃውን ስጠይቅ ሻጩ የግራ ጎኑ ሰማያዊ፣ የቀኝ ጎኑ ቀይ የሆነ መጫወቻ አወጣልኝና «እህቴ፣ ይሄ ኒንቴንዶ ነው፤ 500 ጌም ተጭኖበታል፣ ኢንተርኔትም ካርድም አይፈልግም፣ ከፈለግሽ ከቲቪ ጋርም ይገናኛል» አለኝ። አብርቶ ረጅሙን የጨዋታ ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ሲያሳልፈው አንዱንም ከፍቼ ሳልጫወት በስልኬ ከፈልሁ። ደረሰኝ ስጠይቀው የደረሰኝ ማሽኑ ለጊዜው እንደማይሠራ ነገረኝ፤ እኔም ባጃጁ ውጭ እየጠበቀኝ ስለነበር አልተከራከርሁም።

በማግስቱ ከሰዓት ከእህቴ ልጅ ጋር ደብተር ይዘን ተቀመጥንና በዝርዝሩ ላይ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን 100 ጨዋታዎች አንድ በአንድ እየከፈትን መመዝገብ ጀመርን። ስማቸው ልዩ ልዩ ይሁን እንጂ ሲከፈቱ በእርግጥ የተለያዩ ሆነው ያገኘናቸው 37 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ያንኑ ጨዋታ በሌላ ስም፣ ወይም የገጸ ባሕሪውን ልብስ ቀለም ለውጠው፣ ወይም ከሁለተኛው ደረጃ እንዲጀምር አድርገው የደገሙት ናቸው። ጥቂቶቹ እስከ ጭርሱ አይከፈቱም፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በዕድሜ የበሰልን ሰዎች ይህን ማታለያ ልናውቀው ይገባን ነበር፤ በልጅነታችን በድንጋይ ባትሪ ይሠራ የነበረው፣ ጡብ መሰል ቅርጾች ከላይ የሚወርዱበት የእጅ ጌም በካርቶኑ ላይ «9999 በ1» ተብሎ ይጻፍበት ነበር፤ ውስጡ ያሉት ግን ፍጥነታቸውና ደረጃቸው እየተቀያየረ የሚቆጠሩ ጥቂት ጨዋታዎች ነበሩ። በካርቶን ላይ የተጻፈ የጨዋታ ብዛት ያኔም ዛሬም ስለ ዕቃው ጥራት የሚናገረው ነገር የለም።

ጨዋታዎቹ ራሳቸው ከየት እንደመጡ ማወቅም ይጠቅማል። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ለቀረበው ፋሚሊ ኮምፒውተር ለተባለው የኒንቴንዶ መሣሪያ ተሠርተው የነበሩ፣ አሁን ያለ ፈቃድ የተገለበጡ ናቸው። ያረጀ ጨዋታ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለአዋቂ ሰው ትዝታ ሊሆን ይችላል። ለ5 ዓመት ሕፃን ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩት ብዙዎቹ ጨዋታዎች ሦስት ጊዜ ከተሸነፍህ ከመጀመሪያው የሚያስጀምሩ፣ የደረስህበትን የማያስቀምጡና ለትንሽ ልጅ ጣት ፈጽሞ የማይመቹ ናቸው። የእህቴ ልጅ አንድ ሙሉ ከሰዓት ደክማ አራተኛው ደረጃ ላይ ከደረሰች በኋላ ለእራት ስትጠራ መሣሪያውን አጠፋችው፤ ስትመለስ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ከዜሮ ጀመረች። ወንድሟ ደግሞ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ እየሞተበት በአራተኛው ቀን ጥሎት ወደ ስልኩ ተመለሰ። ከዚህም በላይ ጨዋታዎቹ በዕድሜ ስላልተለዩ፣ ፍራፍሬ ከሚለቀምበት ጨዋታ ቀጥሎ ሰው በጥይት የሚመታበት ይመጣል፤ አንዱን ዘግቶ ሌላውን ለመተው የሚያስችል መቆለፊያ የለውም።

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ባትሪው ነው። የኋላ ክዳኑ ብሎን የሌለው፣ በጥፍር የሚከፈት ሲሆን፣ ውስጡ ያለው በድሮዎቹ የኖኪያ ስልኮች የምናውቀው ቢኤል-5ሲ የሚባለው ዓይነት ባትሪ ነው፤ በላዩ ላይ ግን የታወቀ አምራች ስም የለበትም። በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ መሣሪያው «ተወፈረ» ብለው ሲያሳዩኝ ክዳኑ ከቦታው ተነስቶ ነበር። እንዲህ ያለ ባትሪ የሚያብጠው ውስጡ ጋዝ ሲፈጠር ነው፤ ያበጠ ባትሪ መጫን፣ መብሳት ወይም እንደገና ቻርጅ ማድረግ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ወዲያውኑ ከልጆች መራቅ አለበት። ለትንንሽ ልጆች በሚሠሩ መጫወቻዎች የባትሪ ክዳን በብሎን የሚታሰረው በከንቱ አይደለም። በክብ ሳንቲም መሰል ባትሪ የሚሠሩ ርካሽ መጫወቻዎች ካጋጠሟችሁ ደግሞ ክዳናቸውን ሁለት ጊዜ ፈትሹ፤ ሕፃን እንዲህ ያለውን ባትሪ ቢውጥና ጉሮሮው ላይ ቢቀር በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስበት ስለሚችል ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከውጭ አገር የመጣለትን እውነተኛ ስዊች ላይት (አነስ ያለውን የስዊች ዓይነት) አውሶኝ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ፣ ሱቅ ውስጥ ቆሜ በአንድ ደቂቃ ልለየው እችል እንደነበር ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ስዊች ስክሪኑ 6.2 ኢንች ሲሆን፣ በግራና በቀኝ ያሉት መቆጣጠሪያዎች ወደ ላይ ተንሸራትተው ይነቀላሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 የወጣው ስዊች ላይት ስክሪኑ 5.5 ኢንች ነው፤ መቆጣጠሪያዎቹ አይነቀሉም፣ ከቴሌቪዥን ጋርም አይገናኝም። ስለዚህ ግራውና ቀኙ ሰማያዊና ቀይ ሆኖ የማይነቀል ከሆነ ከሁለቱም አንዱ አይደለም። «ላይት ነው» ተብሎ ባለ ቢጫና ነጭ ጫፍ የቲቪ ገመድ ከካርቶኑ ከወጣም እንዲሁ ነው። እውነተኛው መሣሪያ በመቶ የሚቆጠሩ ጨዋታዎች ተጭነውበት ከፋብሪካ አይወጣም። ዋጋውም ራሱ ይናገራል፤ ላይት ገበያ ላይ ሲውል አሜሪካ ውስጥ 199.99 ዶላር ነበር፣ ስለዚህ አዲሱን በጥቂት ሺህ ብር እሸጣለሁ የሚል ሰው የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው። እኔ 6,800 ብር የከፈልሁበትን ያንኑ ኮፒ በኋላ ሌላ ሱቅ በ2,200 ብር ሲሸጥ አግኝቼዋለሁ።

ኦርጅናል መሆኑ ብቻውን ግን ለልጅ የሚሆን ስጦታ አያደርገውም፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ስሌት ሻጭ ስለማይነግራችሁ እኔ ልንገራችሁ። መሣሪያው ያለ ጨዋታ ባዶ ነው፤ ጨዋታዎቹ በኢንተርኔት ሲገዙ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ለእኛ የሚሻለው ትንሿን የጨዋታ ካርድ ገዝቶ መሰካት ነው። የስዊች ካርድ ከአብዛኞቹ አገሮች ቢመጣ ይሠራል፤ ትንሽ ልጅ ወደ አፉ ቢያስገባው እንዲተፋውም መራራ ነገር ተቀብቷል። የጨዋታውን ሽፋን ገልብጡና የዕድሜ ምልክቱን እዩ፤ ከአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የሚመጡት 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር አላቸው። በመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ ወላጅ የሚስጥር ቁጥር አስገብቶ ከልጁ ዕድሜ በላይ የሆኑትን ጨዋታዎች መቆለፍ ይችላል፤ የጨዋታውን ሰዓት መገደብ ደግሞ በወላጅ ስልክ ላይ በሚጫን መተግበሪያ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ስለሚመክር፣ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዲህ ያለ ስጦታ ባይሰጥ እመርጣለሁ።

ያገለገለ መሣሪያ ለመግዛት ለምታስቡ፣ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ስለሚችል አልቃወምም፤ ነገር ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ የራሱን አካውንትና የሚስጥር ቁጥር አጥፍቶ መሣሪያውን እንደ አዲስ እንዲያስጀምረው አድርጉ። በማስተካከያው ውስጥ የአውራ ጣት መሪዎቹን ልኬት የሚያሳየውን ገጽ ከፍታችሁ፣ እጃችሁን ስታነሱ ነጥቧ መሀል ላይ መቆሟን ተመልከቱ፤ ነጥቧ በራሷ የምትንሸራተት ከሆነ ጨዋታው ውስጥ ያለው ገጸ ባሕሪም በራሱ ይሄዳል። ይህ በስዊች ላይ የታወቀ ችግር ሲሆን፣ በላይት ላይ መቆጣጠሪያው ስለማይነቀል ሙሉ መሣሪያው ወደ ጥገና ይገባል። ስሪ ዲኤስ የሚባለውን ያገለገለ የኒንቴንዶ መሣሪያ ካገኛችሁ፣ አምራቹ ራሱ 6 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ጥልቀት ያለውን (ስሪ ዲ) ምስል እንዳያዩበት አስጠንቅቋልና ያን አገልግሎት ቆልፉት። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ፕሌይስቴሽን ፖርታል ደግሞ መልኩ የእጅ ጌም ቢሆንም ያለ ዋይፋይ ምንም አያጫውትም፤ ቤታቸው ፕሌይስቴሽን 5 እና አስተማማኝ ኢንተርኔት ለሌላቸው ልጆች አትግዙት።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስና፣ በአራተኛው ቀን ዕቃውን ከነካርቶኑ ይዤ ሱቁ ሄድሁ። ሻጩ ገንዘብ እንደማይመልስ፣ ከፈለግሁ ግን ሌላ ያንኑ ዓይነት እንደሚቀይርልኝ ነገረኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ይህንን ለሻጩ ብነግረውም «ኒንቴንዶ ነው ብዬ አልሸጥሁልሽም» ብሎ ካደ። በእጄ ያለው ማስረጃ የስልክ ክፍያ መልእክት ብቻ ነበር፤ እሱም ስንት እንደከፈልሁ እንጂ ምን እንደገዛሁ አይናገርም። በዚህ ምክንያት አቤቱታዬን ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ ብሄድም የማስረዳበት ነገር እንደሌለኝ ገባኝ።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ ማንም ሰው ደረሰኝ ሲቀበል «የልጆች ጌም 1» ተብሎ የተጻፈውን እንዳይቀበል እለምናለሁ። የአምራቹ ስም፣ የሞዴሉ ስም፣ በመሣሪያው ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ ያለው መለያ ቁጥርና አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በነሐሴ ወር ለልጆቹ ያገለገለ ስዊች ላይት ስፈልግ ይህንኑ ሁለት ሱቆች ውስጥ ጠይቄ ነበር። የመጀመሪያው ሻጭ ያን ያህል ዝርዝር መጻፍ አልተለመደም አለኝና ትቼው ወጣሁ፤ ሁለተኛው መሣሪያውን ገልብጦ ቁጥሩን እያነበበ ጻፈልኝ፣ መሪዎቹንም ፊቴ ፈተሸልኝ። የገዛሁት ከእሱ ነው።