ረጅም ቅጽ ወይስ አጭር?
ደሴ ላይ አንድ ሰው ሲጋራ ለመተው ቆርጦ የምክር መስመር ላይ ደወለ እንበል። ወጉ መጀመሪያ «አብሽር» ማለት ነው። ደዋዩ ሲመዘገብ የሚሞላው ረጅሙ የጥያቄ ቅጽ ግን ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ገቢ እያለ ይቀጥላል። ለጥናት ይጠቅማል፤ ደዋዩ ግን ተሰላችቶ ስልኩን ይዘጋል።

አጭሩ ዋና ዋናውን ብቻ ይጠይቃል። በቀን ስንት ያጨሳሉ? ከእንቅልፍ ተነሥተው በስንት ደቂቃ ውስጥ ይለኩሳሉ? ይቺ ሁለተኛዋ ወርቅ ናት፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ሱሱ ጠንከር ያለ ነው። (ለወሎ ከሆነ ጫትንም እጨምር ነበር። ምርቃና ላይ ሲጋራ አይቀርማ!)

የሰሜን አሜሪካ መስመሮች የጋራ መጠይቅ አላቸው። ከ7 ወር በኋላ መልሰው ደውለው «ባለፉት 30 ቀናት አጭሰዋል?» ይላሉ። ስለዚህ አጭሩንም ብንመርጥ፣ እኔ እሱን ነው የምመርጠው፣ ትክክለኛ ስልክ ቁጥርና መልሶ የመደወል ፈቃድ መቅረት የለባቸውም።