ሳይለኩ ለማይቆርጡት የአዳማ በያጅ ምስጋና

አዳማ ውስጥ ስትሮክ ወይም የአከርካሪ ጉዳት የደረሰባቸውን ቤታቸው ድረስ እየሄድን የምንረዳ ነርሶችና ፊዚዮቴራፒስቶች ነን። ፍራንኮ አካባቢ የሚሠሩ አንድ በያጅ ብዙ ቤተሰብ አሳርፈውልናልና እግዚአብሔር ይስጥልን።

ታማሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ሰው ሁሉ የሚደክመው በመጸዳጃ ነው። ታማሚው ‹‹አላስቸግር›› ብሎ ውሃ ይቀንሳል፤ ሆዱ ይደርቃል፣ የሽንት ኢንፌክሽን ይመላለስበታል። ደግፋ የምታነሳው ሚስት ወይም ልጅ ደግሞ ወገቧን ትታመማለች። እኚህ ሰው የመጸዳጃ ወንበር ሲሠሩ ታማሚውን አስቀምጠው ከተረከዙ እስከ ጉልበቱ እጥፋት ይለካሉ። እግሩ ከተንጠለጠለ ሚዛን ያጣል፤ ወንበሩ ካጠረ መነሳት ያቅተዋል። ቀዳዳውን አያሰፉትም፣ ጠርዙንም በስፖንጅና በፕላስቲክ ይሸፍናሉ፤ ስሜት የሌለው ሰው ገላው ሲላጥ አይሰማውማ። (ያም ሆኖ ከ15 ደቂቃ በላይ አታስቀምጡት።)

መደገፊያውን ብረት የሚተክሉት በደህነኛው እጅ በኩል ነው። ሌላው ሠራተኛ ለሱ በተመቸው ግድግዳ ይተክለውና ፎጣ መስቀያ ሆኖ ይቀራል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸር (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ የሚይዘው ፕላስቲክ) ብቻውን የሰው ክብደት አይችልም፤ እሳቸው ብሎኑን ወዲያ ማዶ አሳልፈው በላሜራ ያስሩታል።

የዊልቸር መውጫ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት) ላይ ድርድር አያውቁም። ደረጃው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ መውጫው 3 ሜትር ከ60 ይረዝማል፤ 1 ለ12፣ ማለትም ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ነው። ግቢው ጠበበ ተብሎ በ1 ሜትር ተኩል ቢሠራ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ገፊውም አብሮ። ቦታ ካነሰ መሐል ላይ ማረፊያ አበጅተው ያጥፉታል። እጀታውን ጎማ ያለብሱታል፤ በአዳማ ፀሐይ የጋለ ብረት፣ የማይሰማ እጅ ካገኘ ያቃጥላል።

የአልጋ ቁስልን ግን ብየዳ አይከለክለውም። አልጋ ላይ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ዊልቸር ላይ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው መቀመጫን ከፍ ማድረግ የቤተሰብ ድርሻ ነው። ቁስሉ ሲጀምር የሚመጣው መቅላት በጥቁር ቆዳ ላይ በደንብ ስለማይታይ ቆዳውን በእጅ ዳስሱት፤ ከሞቀ ወይም ከጠጠረ በዚያ በኩል አታስተኙት።

ቀጠሯቸው ይረዝማል፣ አንዋሽም። ስለዚህ ታማሚው ከሆስፒታል ሳይወጣ ንገሯቸው። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልን፤ የበሩንም ስፋት ለክታችሁ ያዙ፤ ከ80 ሳንቲ ሜትር ካነሰ መጀመሪያ የሚነካው መቃኑ ነው።