የቀዘቀዘ አቶም ወይስ ናኖ ሽቦ? ለቶፖሎጂካል ኳንተም ኮምፒውተር የቱ ይገዛ

ለላብራቶሪያችሁ በጀት ተፈቅዶ ከሁለቱ አንዱን ልትመርጡ ከሆነ፣ እኔ ወደ አቶሙ አደላለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

የሁለቱም ሐሳብ አንድ ነው፤ በጥቃቅን ቅንጣቶች ባሕርይ የሚያሰላ፣ መረጃውም በቀላሉ የማይበላሽ ኮምፒውተር መሥራት። መረጃው አንድ ቅንጣት ላይ አይቀመጥም፤ እንደ ጉንጉን ጸጉር በአጎነጓነጉ ውስጥ ይያዛል። አንዲት ዘለላ ብትሾልክ ጉንጉኑ አይፈታም።

ናኖ ሽቦው ሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት የሚያሳልፍ ቁስ) የለበሰ እጅግ ቀጭን የሴሚኮንዳክተር (ቺፕ የሚሠራበት ቁስ) ክር ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ማዮራና፣ ማለትም መረጃው የሚያዝበት ልዩ የኤሌክትሮኖች ሁኔታ፣ ይገኛል ተብሎ ይጠበቃል። ቺፕ ላይ ይሠራል፣ ፈጣን ነው፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጣጣው ማረጋገጫው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኔዘርላንድስ ከዴልፍት ዩኒቨርሲቲ የወጣው የማዮራና ምልክት ብዙዎችን አስደስቶ ነበር። በ2018 የታተመው ጠንከር ያለ ማስረጃ ግን በ2021 በራሳቸው በጸሐፊዎቹ ተሰረዘ። ማይክሮሶፍት በ2025 ያስተዋወቀው ማዮራና 1 ቺፕም ባለሙያዎችን አከራክሯል። በቁሱ ውስጥ ያለ ተራ ጉድለት ማዮራናን የሚመስል ምልክት ይሰጣላ!

አቶሙ ግን ይታያል። ሩቢዲየምን በ780 ናኖሜትር ሌዘር አቀዝቅዛችሁ በብርሃን መቆንጠጫ (አቶም በሚይዝ የሌዘር ጨረር) ስትይዙት፣ እያንዳንዱ አቶም ካሜራው ላይ አንድ ብሩህ ነጥብ ይሆናል። አቶም ያመለጠበት ቦታ ጨለማ ነው። በ2021 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 219 አቶሞች ደርድረው የቶፖሎጂካል ስፒን ሊኩዊድ (መረጃን በጉንጉን መልክ ሊይዝ የሚችል የቁስ ሁኔታ) ምልክት ያገኙት አቶሞቹን አንድ በአንድ እያነበቡ ነው። ናኖ ሽቦ የሚፈልገው ግዙፍ ማቀዝቀዣም እዚህ ግዴታ አይደለም። አቶሞቹ ከዜሮ ኬልቪን ጥቂት ከፍ ብለው ሳለ የቫኪዩም ዕቃው በክፍሉ ሙቀት ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳያሳስታችሁ። አንድ በአንድ የተደረደረ አቶምና በወጥመድ ውስጥ እንደ ደመና የሚንሳፈፍ የቀዘቀዘ አቶም ጋዝ አንድ አይደሉም። ጋዙን ፒ-ዌቭ ሱፐርፍሉይድ (አቶሞቹ በልዩ መንገድ ተጣምረው ያለ ሰበቃ የሚፈሱበት ሁኔታ) አድርጎ ማዮራናን ከውስጡ ማግኘት በወረቀት ላይ በጣም ያምራል። በተግባር ግን ሦስት አቶሞች ሲገናኙ ሁለቱ ይጣበቃሉ፣ የሚለቁት ጉልበት ሦስቱንም ከወጥመዱ ያስወጣቸዋል። ጋዙ ሥራ ሳይጀምር ያልቃል። ስለዚህ ለጥናት እንጂ ለኮምፒውተር ብላችሁ አትግዙት።

የተደረደረው አቶምም ቢሆን ዝግ ይላል፤ አንድ ፎቶ ለማንሳት ብቻ ሚሊሰከንዶች ይፈጃል። ስህተት ማረም ደግሞ ከናንተ አይወርድም።

ሻጩ ዘንድ ስትሄዱ ያልተነካካውን የካሜራ ምስል ጠይቁ። ሌዘሩ ከተቆለፈበት ድግግሞሽ ሳይለቅ ስንት ሰዓት እንደሚቆይም እዚያው ቆማችሁ እዩ።