የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ ምክር በጅማ
ሂርማታ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የጠበቃ ቢሮ የሄድኩት በቡና መፈልፈያ ማሽን ጣቴ ተጎድቶ አሠሪዬ «ጥፋቱ የራስህ ነው» በማለት ደመወዜን ካቋረጠብኝ በኋላ ነበር። ጠበቃው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገልጠው፣ ሠራተኛው ሰክሮ እንደመገኘት ወይም ሆን ብሎ ራሱን እንደመጉዳት ያለ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። ከሕክምና ወጪው ሌላ፣ መሥራት እስካልቻልኩ ድረስ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ደግሞ ቢያንስ 50 በመቶ እንደሚገባኝ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። የጻፉልኝ ማመልከቻ ጥርት ያለ ነው፤ ክፍያቸው ግን ለእንደኔ ዓይነቱ ሠራተኛ ይከብዳል። የሐኪም ማስረጃ እንደሚያስፈልግ አስቀድመው በስልክ ቢነግሩኝ ኖሮም ሁለት ጊዜ ባልተመላለስኩ ነበር።